እትዬ ዘነበችና «የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ»

እትዬ ዘነበች ባለፈው ወር ቴክሳስ፣ ፎርት ዎርዝ ከተማ ውስጥ፣ ለዓመታት የሕመምተኛ አንሶላ ሲቀይሩ በኖሩበት ሆስፒታል ተኝተው ዐረፉ። ለምታውቋቸው ሁሉ ይህን የምጽፈው በሐዘን ብቻ ሳይሆን በንዴትም ነው። የሙት ስም ሲነሣ ጨዋ መሆን እንደሚገባ አውቃለሁ፤ ይቅር በሉኝ። ግን በቀብራቸው ዕለት ያየሁት የስቴት ሴናተራችን የአበባ ጉንጉን እስካሁን ያበሳጨኛል።

ያወቅኋቸው ለዜግነት ፈተና ስዘጋጅ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ የሆስፒታል ልብሳቸውን ሳይቀይሩ ኧርቪንግ ከተማ ወዳለው የቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ መጥተው ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ ያስጠኑን ነበር። ፈተናውን ያለፈውን በራሳቸው መኪና ወስደው በመራጭነት ያስመዘግባሉ። «ዜጋ የሆንከው ፎቶ ለመነሣት አይደለም» ይሉ ነበር።

በምርጫው ጊዜ በቴክሳስ ምክር ቤት የሚወክለንን ይህንኑ ሴናተር የሚፎካከር ሰው ተነሣ። ከጎረቤት ከተማ ከፍሪስኮ ወደ ኧርቪንግ ከገባ ዓመት ቢሆነው ነው። እትዬ ዘነበች ደገፉት፤ ሠራተኛው አውቶብስ እንዳጣ ሲነግሩት ቁጭ ብሎ አዳምጧቸዋል፣ ሌላ ምክንያት አልነበራቸውም። ሴናተሩ ግን ተወዳጅ ነው። በየፋሲካው ነጠላ እናለብሰዋለን፣ ክትፎ እናጎርሰዋለን፣ እሱ ይስቃል፣ እኛ እናጨበጭባለን።

እኔ ለሴናተሩ ቢሮ በነፃ እሠራ ነበር። ተፎካካሪውን የሚያጣጥል ወረቀት በአማርኛ ጻፍ ተባልኩና ጻፍኩ። ርእሱን «የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ» ብዬ፣ ከሥሩ «መጤ አይወክለንም» አልኩበት። ስሜን አላወጣሁም። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ በየመኪናው መስታወት ላይ ሰካነው። ሁለት የስደተኛ ካምፕ አልፎ የመጣ ሰው ያንን አንብቦ «እውነት ነው» ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር፤ ዛሬ ሳስበው ራሴን ያስጠላኛል።

ነገሩ በተፎካካሪው ላይ አልቀረም። እትዬ ዘነበች ወደ ኧርቪንግ የመጡት ከፎርት ዎርዝ ነውና «እሳቸውም እኮ መጤ ናቸው» ተባለ። የቅዳሜው ትምህርት ሰው አጣ። በመጨረሻም የአዳራሹን ቁልፍ እንዲመልሱ በቤተ ክርስቲያኑ ኃላፊዎች ተጠየቁ።

ቁልፉን ሊያስረክቡ በመጡ ቀን ብቻቸውን አገኘኋቸው። ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ ነበር።

«እስቲ ንገረኝ» አሉኝ፤ «እዚህ አገር ሰርዶው የማን ነው? በሬውስ አንተ ነህ ወይስ እኔ?»

ወረቀቱን አንሥቼ ማጠፍ ስጀምር ቀጠሉ።

«ሰውየው እኮ የመጣው ከግማሽ ሰዓት መንገድ ነው። አንተ ስንት አገር አቋርጠህ መጣህ?»

«እትዬ፣ የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

«ዐውቄያለሁ። ተረቱን የሰማኸው ከኔ ነው።»

አልተቆጡኝም። አንድ ነገር ብቻ ለመኑኝ፤ «ይህንኑ በሰው ፊት ተናገር። ለኔ ብለህ አይደለም፤ ነገ ለሚመጣው ሰው ብለህ ነው።»

«ለሚመጣው ቅዳሜ እናገራለሁ» አልኳቸው።

ሴናተሩ በሰፊ ልዩነት አሸነፈ። በድሉ ግብዣ ላይ አንዲት እዚሁ ያደገች የቢሮው ሠራተኛ አገኘሁና ወረቀቱ ምን ያህል እንደጠቀመ ጠየቅኋት። ሳቀችብኝ። «ኦ ማይ ጋድ፣ ፍላየሩ? ምንም ዲፈረንስ አላመጣም። ሰው ይወደዋል፤ ሶ፣ ኤኒዌይ ዊን ያደርግ ነበር።»

እንግዲህ ይኸው ነው። ለሴናተሩ ቅንጣት ያልጠቀመ ስድብ እትዬ ዘነበችን ከአዳራሻቸው አስወጣ። ያ ቅዳሜ አለፈ፣ ቀጣዩም አለፈ፤ እኔ ነገ ዛሬ ስል እሳቸው ታመሙ። የሴናተሩ አበባ ላይ «የአካባቢያችን እናት» ተብሎ ተጽፏል። ተሸክመው መቃብሩ አጠገብ ያቆሙት ቁልፉን የተቀበሏቸው ሰዎች ናቸው። አንዱን ጫፍ የያዝኩትም እኔ ነበርኩ።

እትዬ፣ ዛሬ ቅዳሜ ነው። ለአርባዎ የመጣው ሰው አዳራሹን ሞልቶታል፤ ትምህርትዎን ጥለው የቀሩትም አሉበት። ይህን ጽሑፍ የማነብላቸው ቆሜ ነው። ያንን ወረቀት የጻፍኩት እኔ ሳምሶን፣ ተማሪዎ ነኝ። ሁላችንም መጤዎች ነን፤ ከመካከላችን መጀመሪያ ደርሰው በሩን የከፈቱልን እርስዎ ነበሩ። እንዳሉኝ በሰው ፊት ተናግሬያለሁ፤ በእርስዎ ፊት ግን አልደረስኩም። ደኅና ይረፉ፣ እትዬ።