ጅብ ላይ የተኛሁ ዕለት

ከላፍቶ እስከ ፉሪ እኔን የሚያህል አዳኝ እናት አልወለደችም። ቆላ ሳለሁ አንበሳ ስሜን ከሰማ አገር ይለውጥ ነበር። ትስቃላችሁ? ሳቁ። እውነቱን ከፈለጋችሁ፣ ቆላ የወረድኩት የአዳኞች ወጥ ሠሪ ሆኜ ነው፤ በእጄ የሞተ ነገር ካለ ዶሮ ነው። ጣጣው ይህን ለማንም አለመናገሬ ነበር። በየሠርጉ «ዘራፍ! ገዳይ የገዳይ ልጅ!» እያልኩ ስፎክር የእድራችን ሰው ሁሉ አምኖኛል።

ነሐሴ ነው። ሌሊቱን ሲወርድ ያደረው ዝናብ አባርቶ ጉሙ ጭቃው ላይ ይጎተታል። ጋሽ ቶሎሳ፣ ፉሪ ገና እርሻ ሳለች ጀምሮ የነበሩት ጎረቤቴ፣ የአባታቸውን ጦር ይዘው የቤቴን በር ደበደቡት።

«ውጣ አንተ ገዳይ! ጅብ አህያዬን ነክሶ ዘሪቱ ቤት ገብቷል!»

«ጅብ በቀን ምን ይሠራል ጋሼ?»

«ሄደህ ጠይቀው!»

ዘሪቱ ያላለቀ ቤት የምትጠብቅ ሴት ናት፤ እዚያው አንዱ ክፍል ውስጥ ትኖራለች። ሕፃን ልጇን አስተኝታ ውሃ ልትቀዳ በወጣችበት ነው አውሬው የገባው። ስንደርስ ሰፈሩ ዱላ ይዞ በሩቁ ቆሟል። ኮቴውን አየሁት። የፊቶቹ ጭቃው ላይ ከነጥፍራቸው ታትመዋል፤ አንዱ የኋላ እግር ግን አይረግጥም፣ መስመር እየሠራ ይጎተታል። ወጥ ሳማስል አዳኞቹ ሲያወሩ ሰምቻለሁ፤ በቀን የሚዞርና እግሩን የሚጎትት ጅብ፣ የእብድ ውሻ በሽታ ይዞት ይሆናል።

ዘሪቱ ጃኬቴን ጨመደደችው። «ጋሼ፣ በሠርጌ ስትፎክር ሰምቼሃለሁ። ልጄን አውጣልኝ!»

በዚያች ሰዓት «ውሸቴን ነው» ብል ማን ይገባል? ሰው ሁሉ የቆመው እኔን ጠብቆ ነው። ከአጥሩ አንድ ቆርቆሮ ነቅዬ እንደ ጋሻ ያዝኩ። ቆርቆሮው እጄ ላይ ይንኳኳል፤ ጀሞ ያለ ሰው በረዶ የጣለ መስሎት ልብሱን ከገመድ ሳያነሳ አልቀረም።

ገባሁ፤ ኮሪደሩ ጨለም ያለ፣ የሲሚንቶ ከረጢት የተደረደረበት ነው። ጅቡ ከሕፃኗ ክፍል በር ላይ ቆሟል። በሩ ስስ ጣውላ ነው፤ ከጀርባው ታለቅሳለች። ዞሮ አየኝ። አገጩ ተንጠልጥሎ ለሃጩ ይዝረበረባል። ጋሽ ቶሎሳ ጦራቸውን ይዘው ከኋላዬ ያቃስታሉ፤ ጉልበታቸው ያማቸዋል።

«ጌታ ሆይ» አልኩ፣ «ውሸታም መሆኔን ታውቃለህ። እኔ ጋ ምንም የለም። ለዚህች ሕፃን ስትል ያንተን ብርታት አበድረኝ።»

አሜን ሳልል ጅቡ ዘለለብኝ። ቆርቆሮውን ደረቴ ላይ እንደያዝኩ ወደ ፊት ወደቅሁ። ወደ ፊት! ይህ እግር ዕድሜውን ሁሉ የሚያውቀው ወደ ኋላ ነበር። ጅቡ ከታች፣ ቆርቆሮው ከመሃል፣ እኔ ከላይ።

«ውጉት ጋሼ!»

«አንተን እንዳልወጋ ፈቀቅ በላ!»

«ፈቀቅ ካልኩማ በላኝ!»

ጦሩ በጆሮዬ ሥር አለፈ። ጅቡ ከሥሬ ተወራጨ፣ ተወራጨና ዝም አለ። ዘሪቱ ሁለታችንንም ተራምዳ ልጇን አወጣች። ሕፃኗን ጭረት እንኳ አልነካትም።

ሰው «ገዳይ!» እያለ ሲጨፍር እኔ ክንዴን አያለሁ። የቆርቆሮው ጠርዝ ቆርጦታል፤ የጅቡ ለሃጭም ነክቶታል። ደስታው ለእኔ አልደረሰኝም። ያ በሽታ አንዴ ከተነሳ መድኃኒት እንደሌለው፣ ውሃም እንደማያስውጥ አውቃለሁ፤ ውሃ በጠጣሁ ቁጥር ጉሮሮዬን እዳብሳለሁ፣ ዛሬም።

ስሙኝ ልጆች። ወደ አውሬ ስትገቡ የራሳችሁን ጉልበት አትመዝኑ፤ አይበቃም። ለምኑ። የተሰጠኝ ብርታት ግን ለዚያች ኮሪደር ነበር፤ ይዤው ቤት አልገባሁም። እንዴት አወቅህ ብትሉኝ፣ ያንኑ ዕለት ጤና ጣቢያ ነርሷ መርፌውን ስታነሳ፣ ገና ሳይነካኝ ራሴን ሳትኩ። ክትባቱን የወሰድኩት መሬት ላይ ተጋድሜ፣ ባለቤቴ እጄን ይዛኝ፣ እያለቀስኩ ነው።