የአቅል ጥርስ

ይህን ነገር ለባሌም ለእህቴም ተናግሬው አላውቅም። ዱዓ ሳደርግ እንኳ «ጥፋቴን ማረኝ» ብዬ በጅምላ አልፈዋለሁ እንጂ ስሙን አልጠራውም። ዛሬ እጠራዋለሁ። ሐኪም ስለ ልጄ የነገረችኝን ደበቅሁ። ልጄ በዚያ ስትጎዳ ደግሞ በአላህ ስም በሐሰት ምዬ ጥፋቱን በሐኪሟ ላይ ጣልሁ።

የልጄ የሐያት የፊት ጥርሶች ተደራርበው የበቀሉ ነበሩ። ሲያስቃት አፏን በሻሿ ጫፍ ትሸፍናለች። አስራ አንደኛ ክፍል ስትገባ ጥርሷን የሚያቃና ሽቦ ይታሰርላት ብዬ ከሸዋ ሮቢት ደብረ ብርሃን ወሰድኋት። ሐኪሟ ወጣት ናት፣ የረጋች። መንጋጋዋን ራጅ አነሳቻት። ሐያት አፏን ልትጉመጠመጥ ወጣ ስትል ራጁን ወደ ብርሃኑ ይዛ አሳየችኝ።

«እናቴ፣ ሽቦውን ዛሬ አልጀምርም። የታች የአእምሮ ጥርሶቿ ድድ ውስጥ ተጋድመው ቀርተዋል። የቀኙ አጠገቡ ያለውን ጤነኛ የመንጋጋ ጥርስ እየገፋ ነው። መጀመሪያ እሱ ይውጣ፣ የቀረውን ከዚያ እናቅዳለን። ብቻ እንዳትዘገዩ።»

በእኛ ቤት ያ ጥርስ የአቅል ጥርስ ነው የሚባለው። አቅል ማለት ልቦና ነው። ታናሽ ወንድሜ ማጀቴ ከተማ ሳለን ያንኑ ጥርስ ተነቅሎ በዓመቱ አእምሮው ተነካ። እስኪሞት ድረስ ገበያ ለገበያ ብቻውን እያወራ ዞረ። እናቴ «ልጄን አቅሉን ነቀሉት» እንዳለች አፈር ገባች። ያሳበደው ጥርሱ ነው ወይ ብዬ ማንንም ጠይቄ አላውቅም። ሐኪሟንስ ለምን አልጠየቅኋትም? አንዲት ጥያቄ ትበቃኝ ነበር። መሃይም እንዳትለኝ ፈራሁ። «እሺ፣ ይውጣ» ብያት ወጣሁ።

መኪና ውስጥ ሐያት «እማ፣ መቼ ታስርልኛለች?» አለችኝ።

«ሽቦ አይሆንሽም ብላለች» አልኋት።

ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። የደብረ ሲናን ቁልቁለት ወርደን እስክንጨርስ አፏን በሻሿ ጫፍ እንደሸፈነች ነበር።

ዓመት ሳይሞላ የቀኝ መንጋጋዋን ያማት ጀመር። ምን እንደሆነ አውቄያለሁ። ከሰው ሁሉ እኔ ብቻ አውቄያለሁ። ቅርንፉድ አስነከስኋት፣ በጨው ውሃ አስጉመጠመጥኋት፣ «ለአባትሽ አትንገሪ፣ ይጨነቃል» አልኋት። ውሃ ሳላፈላ የማላጠጣት፣ አጎበሯን ዙሪያውን ሳልወትፍ የማላስተኛት እኔ፣ ጉንጯ ሲያብጥ እያየሁ ዝም አልሁ። አፏ አልከፈት አለ። ምራቋን መዋጥ ሲያቅታት አባቷ ተሸክሞ ሆስፒታል አደረሳት።

ከመንጋጋዋ ሥር ቀደው መግሉን አወጡ። የአቅል ጥርሷ ወጣ። ጤነኛ የነበረው የአጠገቡ የመንጋጋ ጥርስም ሥሩ ተበልቶ ስለነበር አብሮ ወጣ። አቅሏ ግን የትም አልሄደም። ስትነቃ መጀመሪያ የጠየቀችው የትምህርት ቤት ፈተናዋ አልፏት እንደሆነ ነው።

አባቷ እዚያው ሆስፒታሉ በረንዳ ላይ «ያቺ ሐኪም ራጅ አንስታ ይህን አላየችም?» አለኝ።

«ወላሂ፣ ምንም አላለችኝም» አልሁ።

ለምን ማልሁ? ማንም እንድምል አልጠየቀኝም። ዝም ብል እንኳ ያምነኝ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ወሬው ገበያ ገባ። የባሌ እህት እትዬ ዘሐራ ሽንኩርቷን እየመዘነች «ያቺ የጥርስ ሐኪም? መጀመሪያ የራሷን ዓይን ትታከም!» እያለች ገዢውን ሁሉ ታስቅ ነበር። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ልጇን ወደዚያችው ሐኪም ልትወስድ የተዘጋጀች ጎረቤታችን በእኔ ምክንያት ቀረች። እያየኋት ቀረች።

አሁን ሐያት ተምራ ሥራ ይዛለች። ከመንጋጋዋ ሥር ጠባሳ አለባት፣ የፊት ጥርሶቿም እንደተደራረቡ ናቸው። በቅርቡ በራሷ አቅም ሽቦ ልታሳስር ሌላ ሐኪም ዘንድ ሄደን፣ ሐኪሙ የቀኝ መንጋጋ ጥርሷን ለምን እንዳጣች ጠየቃት። «የመጀመሪያዋ ሐኪም ሳታይልኝ ቀረች» አለችው። ውሸቴ ከልጄ አፍ እውነት ሆኖ ወጣ። አጠገቧ ተቀምጬ ነበር። ያን ጊዜም ዝም አልሁ።

ፈርቼ ነው ልል እችላለሁ። ጉንጯ እስኪያብጥ ድረስ የፈራሁት ለእሷ ነው። ከዚያ በኋላ የፈራሁት ለራሴ ነው። ሁለቱን አንድ ፍርሃት አድርጌ ብነግራችሁ ደግሜ መዋሸቴ ነው።

ይህን ጽፌ ስጨርስ መጀመሪያ ለሐያት እነግራታለሁ፣ ቀጥዬ ለአባቷ። ከዚያ ገበያ ወርጄ እትዬ ዘሐራ ሰው ሰብስባ በምትስቅበት ቦታ ቆሜ እናገራለሁ። ልጄ አንጀቷ አይጨክንም፣ ምናልባት አፉ ብላ ትምረኝ ይሆናል። በሐሰት የወሰድሁትን የዚያችን ሐኪም ሐቅ ግን ሐያት ልትምርልኝ አትችልም።