ጋቢናውን የለቀቀልኝ ሰውዬ

ባለፈው ሐሙስ ጠዋት ነው... እህቴ ድንበር አካባቢ ባለችው ባሱንዳ ወልዳ፣ አራስ ልጠይቅ ብዬ ከምኖርበት ከሱዳኑ ገዳሪፍ ተነሳሁ። መናኸሪያ ስደርስ ጋሼ ደምሴ መኪናው አጠገብ ቆሞ ተሳፋሪ ይጠራል።

ጋሼ ደምሴ የጎንደር ሰው ነው፤ ሱዳን ከገባ ሠላሳ ዓመት ያልፈዋል። (ፊት ለፊት አንቱ ነው የምለው፤ ዛሬ ስጽፍ ግን እጄ እምቢ አለኝ።) ከውጭ የገባች ነጭ ደብል ጋቢና ፒክአፕ አለችው። የሚነዳለት ኢድሪስ የሚባል እዚሁ የተወለደ ያገራችን ልጅ ነው። ጋሼ ደምሴ ከሹፌሩ ጎን ያለውን ወንበር ለማንም አይለቅም። ሚኒስትር ቢመጣ ከኋላ ነው የሚጭነው።

ያን ቀን ግን በሩን ራሱ ከፈተልኝ። «ነይ ልጄ፣ አንቺ ጋቢና ግቢ። አራስ ልትጠይቅ የምትሄድ ሴት ከኋላ አትጨናነቅም» አለኝና እሱ ከኋላ ገባ። ደስ አለኝ። ገንፎ ዱቄቱንና ቅቤውን ጉልበቴ ላይ አድርጌ እንደ ትልቅ ሰው ተመቻቸሁ።

ከኋላ፣ ከጋሼ ደምሴ ጎን፣ ሞላ የሚባል ፋሽጋ ሰሊጥ እርሻ ላይ ትራክተር የሚነዳ ሰው ነበር። ከተማውን እንደወጣን ሁለቱ ስለ መኪና ተከራከሩ። ሞላ እዚሁ ሱዳን የተገጣጠመ ይሻላል ባይ ነው። ቢበላሽ ዕቃው ገዳሪፍ ሱግ፣ ገበያው ውስጥ ሞልቷል፣ የትኛውም መካኒክ ያስነሳዋል፣ ጭቃ ቢውጠው ራሱ ታግሎ ይወጣል አለ። ጋሼ ደምሴ ሳቀበት። የአገር ውስጡ ቆርቆሮ ነው፣ በሩን ስትዘጋው እንደ ጣሳ ይጮኻል፤ የውጩን ግን ስለ ሰው የሚያስብ ሰው ነው የሠራው አለ። እኔም በልቤ ለጋሼ ፈረድኩ... ወንበሩ ለስላሳ ነው።

ሞላ አልተረታም። እንዲህ ያሉትን መኪኖች እኮ ኩባንያው ራሱ ጉድለት አለባቸው፣ መልሱና ላስተካክል እያለ እየጠራ ነው ሲባል ሰምቻለሁ አለ።

ጋሼ ደምሴ ይደነግጣል ስል እንዲያውም ኮራ። ልዩነቱ ይኸው ነው አለ፤ የአገር ውስጦቹ ጉድለት ቢያገኙ ይደብቁሃል፣ እነዚህ ግን ስልክህን ፈልገው ይነግሩሃል። ከኪሱ ስልኩን አወጣና በትከሻዬ በኩል አቀበለኝ። ዐረብኛ ይናገራል እንጂ አያነብም፤ እኔ ደግሞ እዚህ ነው የተማርኩት።

«አንብቢለት ልጄ፣ ይስማ» አለኝ።

እያነበብኩ በአማርኛ እነግራቸው ጀመር። የተከበሩ ደንበኛችን... በመኪናዎ ላይ የደህንነት ጉድለት ተገኝቷል... ከጋቢናው ወንበር ፊት ለፊት፣ ዳሽቦርዱ ውስጥ ያለው ኤርባግ፣ መኪናው ተጋጭቶ በሚነፋ ጊዜ የብረት ስብርባሪ ወደ ተሳፋሪው ሊረጭ ይችላል... በነፃ ይቀየራል... እስኪቀየር ድረስ ከሹፌሩ ጎን ማንም ሰው እንዳይቀመጥ።

አንብቤ ስጨርስ ዓይኔ ዳሽቦርዱ ላይ ተተክሏል። ከደረቴ ክንድ አይርቅም።

ኢድሪስ መንገዱን ብቻ ያያል፤ ጆሮው ግን ቀልቷል።

«ጋሼ... ይህን ያውቁ ነበር?» አልኩት።

«አዎ፣ ወንዱ ልጄ አንብቦልኛል» አለ። «ለዚያ አይደል እኔ ከኋላ የተቀመጥኩት።»

ሳይዋሽ፣ ሳያፍር... ሰዓት ተጠይቆ እንደሚመልስ ሰው።

ሞላ ታዲያ ለምን አላስቀየርከውም አለው። የካርቱሙ ጋራዥ በጦርነቱ ተዘግቷል፣ ያለው ፖርት ሱዳን ነው፣ ሥራ ፈትቼ እዚያ ድረስ ልሂድ ወይ አለ። ደግሞ ካልተጋጨ ምንም አይሆንም፣ ኢድሪስ ደግሞ አይጋጭም። ይህን ተናግሮ ሳይጨርስ በጎች አስፋልቱ ላይ ገቡና ኢድሪስ ፍሬን ያዘ። እኔ በሁለት እጄ ፊቴን ሸፈንኩ።

አቁምልኝ ብዬ ወረድኩና ከኋላ ገባሁ። ጋሼ ደምሴ አኮረፈ። አከበርኩሽ እንጂ ምን በደልኩሽ ይለኛል።

ጥቂት እንደሄድን መንገድ ዳር አንዲት የትግራይ እናት፣ ከስደተኞች መጠለያ የመጡ፣ መድኃኒት በፌስታል ይዘው ቆመዋል። ጋሼ ደምሴ መኪናውን አስቆመና አንገቱን በመስኮት አወጣ።

«አደይ፣ ይምጡ። ጋቢናው ክፍት ነው፣ ለእርስዎ ነው የያዝኩት» አላቸው።

በሩን ከፍቼ ዘልዬ ወረድኩና በተሰባበረ ትግርኛ፣ ቢጋጭ ከዚያ ውስጥ ብረት ይወጣል፣ እንዳይቀመጡ አልኳቸው። ጋሼ ደምሴ ከኋላዬ ሥራዬን አታበላሺብኝ ይላል። አደይ መጀመሪያ እኔን አዩ፣ ከዚያ ለስላሳውን ወንበር አዩ፣ ከዚያ ወደ እሱ ዞሩ።

«አንተ ለምን አትቀመጥበትም?» አሉት፣ ረጋ ብለው፣ በአማርኛ።

እግሬን ያመኛል አለ። ከኋላ ደግሞ እንደ ልብ የሚዘረጋ ይመስል።

ኢድሪስ ሞተሩን አጠፋ። «ያ ዓሚ፣ አጎቴ፣ ወይ አንተ ና፣ ወይ ባዶውን ይሂድ። ኸላስ፣ አለቀ» አለ።

ባዶውን ሄደ። እኛ አራታችን ከኋላ ተጣበን፣ አደይ ግማሽ ጭኔ ላይ ተቀምጠው፣ ጋሼ ደምሴ የአንድ ሰው ሒሳብ ከሰርኩ እያለ ሲነጫነጭ ባሱንዳ ገባን። ስወርድ ኢድሪስን አውቀህ ነው ዝም ያልከኝ ስለው እንጀራዬ ነው አለና መሬት መሬት አየ።

እህቴ ያቀረበችልኝን ምግብ አልበላሁም። መንገዱ ነው ብያት አለፍኩ።

ቅዳሜ ለመመለስ ስዘጋጅ ስልኬ ጮኸ። ጋሼ ደምሴ ነው። ድምፁ ማር ነው።

«ልጄ፣ አንቺ ስለምትፈሪ ከኋላ ቦታ ይዤልሻለሁ። ጋቢናውን አታስቢ፣ ሌላ ሰው ተገኝቶለታል» አለኝ።

እኔም... «እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ» አልኩት። አፌ ለምዶበት።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው ያቅለሸለሸኝ... በእሱ ይሁን በራሴ፣ እስካሁን አለየሁም።