ለእሷ የመጣው ካርድ

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ አዲስ ግራፊክስ ካርድ ገዝቶ፣ ካርቶኑን ታቅፎ መጣ። "አጎቴ፣ ይሄ ከእኔ ኮምፒዩተር ፓወር ሰፕላይ ጋር ይሄዳል?" አለኝ። ላስቲኩን ሲቀደው ያ ሽታ ወጣ፤ ቀለም ቀለም፣ ትኩስ ፕላስቲክ ፕላስቲክ የሚለው፣ እጅ ያልነካው ዕቃ ሽታ። ገመዱ የሚሰካበትን ቦታ ላይለት ጎንበስ አልኩና እዚያው ቀረሁ። ልጁ ዓይኔ የደከመ መስሎት የስልኩን መብራት አበራልኝ። እኔ ግን ሐዋሳ ፒያሳ፣ ፎቁ ላይ ካለችው ክፍላችን ደርሼ ነበር።

ሚሊኒየሙ ከተከበረ ሁለት ሦስት ዓመት ቢሆነው ነው። የሠርግ ቪዲዮ ቤት ውስጥ እሠራ ነበር። ባለቤቱ ካሜራቸውን ይዘው ከሠርግ ሠርግ ይዞራሉ፤ እኔ ቀርጸው ያመጡትን ቆርጬ ቀጥዬ፣ ዘፈን አስገብቼ በዲቪዲ አወጣለሁ። ኮምፒዩተር ሲበላሽ የምጠግነውም እኔ ነኝ። ከሰዓት በኋላ በመስኮቱ የሐይቁ ነፋስ ይገባል፤ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ቆርቆሮው ላይ ሲራመዱ ጣራው ላይ ሰው የሚሄድ ይመስላል። ሦስት ዓመት ብቻዬን ነገሥኩባት። ከዚያ እሷ መጣች።

ከቡሹሎ በባጃጅ የምትመላለስ፣ የአስተማሪ ልጅ ነበረች። ቤታቸው የሚወራው ሲዳምኛ ስለሆነ አማርኛዋን ረጋ ብላ፣ ቃሉን መርጣ ነው የምትናገረው። ቪዲዮም የምትቆርጠው እንደዚያው ነበር። እኔ የሙሽሪትን ፊት በልብ ከብቤ፣ ከላይ ጽጌረዳ አዘንብቼ "አቤት ሥራ!" ስባል የኖርኩ ሰው ነኝ። እሷ የሙሽራው አባት ከድንኳኑ ጀርባ ጎንበስ ብለው ጫማቸውን በመሐረብ ሲጠርጉ አግኝታ፣ ያቺን ምስል አምስት ሰከንድ ታስቀምጣለች። ደንበኞች እዚያች ቦታ ሲደርሱ ወሬ ያቆማሉ።

በሁለት ወር ውስጥ "ያቺ ልጅ ትሥራልን" የሚሉ መጡ። በጥርሴ እየሳቅሁ "ምን ችግር አለ!" እላለሁ፤ ሆዴ ግን እርር ድብን ይላል። ቅናት ነው፤ ሌላ ስም ልፈልግለት አልችልም። ዲቪዲው ላይ የምትጽፈው ቁም ጽሕፈት ያናድደኝ ነበር። የምሳ ዕቃዋ ክዳን ሲከፈት የሚያሰማው ድምፅ እንኳ ያናድደኝ ነበር፣ ትሰማኛለህ?

ባለቤቱ አዲስ ካሜራ ገዙ። ምስሉ ጥርት ያለ ነው፤ ኮምፒዩተሮቻችንን ግን ከበዳቸው። በዘመድ ከዱባይ ምስሉን የሚያፈጥን አንድ ግራፊክስ ካርድ አስመጡ። አንድ ብቻ። ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡና "ለእሷ ግጠምላት" አሉኝ።

የእሷን ኮምፒዩተር ከፈትኩት። ካርዱ ለራሱ የተለየ የኃይል ገመድ ይፈልጋል፤ ባለ ስድስት ፒን። የእሷ ፓወር ሰፕላይ፣ ኃይል የሚያከፋፍለው ሣጥን፣ ያ ገመድ የለውም፤ ያሉት ሃርድ ዲስክ የሚሰካባቸው ነጫጭ ባለ አራት ፒኖች ናቸው። የእኔ ኮምፒዩተር ግን አዲስ ስለሆነ ባለ ስድስቱ አለው። ችግሩ መላ ነበረው። ካርቶኑ ሥር በላስቲክ የተጠቀለለች አጭር ገመድ አለች፤ በአንድ ወገን ሁለት ባለ አራት፣ በሌላው ባለ ስድስት። በዚህ ሁለቱን ነጫጮች ትሰካለህ፣ በዚያ ካርዱን ትሰካለህ፣ አለቀ።

ኃይሉስ ይበቃል ወይ? ያኔ ተለጣፊው ላይ የተጻፈውን ዋት የሚያምን ባለሙያ አልነበረም፤ ፓወር ሰፕላይ የሚመዘነው በእጅ ነበር። ቀለል ካለ ውስጡ ባዶ ነው፤ ከከበደ እውነተኛ ነው። የእሷን ፈትቼ በመዳፌ መዘንኩት። ድንጋይ ነው! እንዲያውም ከእኔ ይከብዳል።

አጭሯን ገመድ ኪሴ ከተትኳት።

"ጋሼ፣ የእሷ አይሸከመውም" አልኳቸው።

"እንዴት?"

"የሚሰካበት የለውም። በግድ ከተባለ ይቃጠላል። የእኔ ግን ልኩ ነው።"

"እንግዲህ አንተ ነህ የምታውቀው" አሉና ወጡ። ካርዱን እኔው ላይ ገጠምኩት።

በማግስቱ መመሪያውን ከካርቶኑ አውጥታ ስታነብ አገኘኋት። ማንም የማያነበውን ወረቀት! "እዚህ ሥዕሉ ላይ አንድ ገመድ አለ" አለችኝ በጣቷ እያሳየች። "ካርቶኑ ውስጥ ግን የለም።"

"ሱቆቹ ናቸው፤ እያወጡ ለብቻው ይሸጡታል" አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። "እሺ" አለች፤ ወረቀቱን በነበረበት እጥፋት አጥፋ መለሰችው።

የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባላል። እኔን ካርዱ አፈጠነኝ እንጂ አላደመቀኝም። ልቦቼና ጽጌረዳዎቼ በአንድ ሰዓት ያልቁና እጄን አጣጥፌ እቀመጣለሁ። እሷ ከጎኔ፣ ማራገቢያው እንደ ወፍጮ በሚያጓራ ኮምፒዩተር፣ ምስሉ እየተንቀረፈፈባት አሁንም እነዚያን አምስት አምስት ሰከንዶች ትለቅማለች። ደንበኛውም አሁንም እሷን ይላል። ዛሬ ባጃጅ መስታወት ላይ "ምቀኛ አታሳጣኝ" የሚል ጥቅስ ሳይ፣ ለዚያች ልጅ የተሰጠኋት ምቀኛ እኔ ነኝ እላለሁ።

ከዚያ አንድ ትልቅ ሠርግ መጣ። ሙሽሮቹ ቅዳሜ ጠዋት ወደ ውጭ አገር የሚሄዱ ናቸው፤ ቪዲዮውን ይዘው መሄድ አለባቸው። ባለቤቱ ለእሷ ሰጧት፤ "በዚህ እንዳታሳፍሪኝ" ብለው አደራ አሏት። ሐሙስ ቆርጣ ቀጥላ ጨረሰች። የቀረው ኮምፒዩተሩ ሁሉንም አዋህዶ አንድ ቪዲዮ አድርጎ እንዲያወጣው መጠበቅ ብቻ ነው። በእኔ ሁለት ሰዓት የማይሞላው በእሷ ዘጠኝ ሰዓት ይፈጃል። ሐሙስ ከሰዓት መብራት ጠፋ፤ ሁሉም ከዜሮ። ዓርብ ጠዋት እንደገና ጀመረች፤ ከግማሽ በላይ ከሄደ በኋላ ድጋሚ ጠፋ።

መብራት የመጣው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ባለቤቱ ሻሸመኔ ለቀረጻ ሄደዋል። ወንበሯን ወደ እኔ አዞረች።

"ለዛሬ ብቻ ቦታ እንቀያየር?" አለችኝ። "በአንተ እስከምንዘጋ ይደርሳል።"

"ሥራ ይዣለሁ" አልኳት።

የያዝኩት ሥራ አንድ የልደት ቪዲዮ ነበር፤ የሚወስደው ሰው የሚመጣው ከሳምንት በኋላ ነው። ማያዬ ላይ ፊኛዎቹን አየቻቸው። ተመልሳ የራሷን አስነሳች፤ የማራገቢያው ጩኸት ክፍሉን ሞላው።

ቅዳሜ ጠዋት የሙሽራው ወንድሞች መኪና አስነስተው መጡ። አልደረሰም፤ ሌሊት መብራቱ ለሦስተኛ ጊዜ ጠፍቶ ነበር። አንደኛው ባለቤቱን በሰው ፊት "እምነታችንን እናንተ ላይ የጣልነው እኛ ነን ጥፋተኞቹ" ብሏቸው ሄደ። ባለቤቱ ዓይናቸው ደም መሰለ። "ምን ሆነሽ ነው?" አሏት። ያን ጊዜ ስለ ገመዱም፣ ስለ ዓርቡም ልትናገር ትችል ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ ወደ እኔ ዞራ አየችኝ፤ ጠበቀችኝ እንጂ አልለመነችኝም። እኔ ወደ ማያዬ ዞርኩ።

"ጥፋቱ የእኔ ነው" አለች።

"ከሰኞ ጀምሮ አትምጪ።"

የጆሮ ማዳመጫዋንና የምሳ ዕቃዋን ይዛ ወረደች። ቡሹሎ ከፒያሳ ምን ያህል መንገድ ነው? እስከ ዛሬ ሄጄ አልጠየቅኋትም። አንዱ አግብታለች ይለኛል፣ ሌላው ዲላ ታስተምራለች ይላል፤ እኔም እርግጡን ለማወቅ ፈርቼ አልገፋሁበትም።

ሰኞ ባለቤቱ "አንተ ጨርሰው" አሉኝ። የሚጨረስ ነገር አልነበረውም። ሥራዋን እንዳለ ወደ እኔ ኮምፒዩተር ገልብጬ አስነሳሁት፤ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ወጣ። ከዚያ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አየሁት። የመጨረሻው ምስል የሙሽሪት መኪና ከሄደ በኋላ ያለው ነው። እልልታው ከውጭ ይሰማል፤ እናትየው ማንም በሌለበት፣ በልጃቸው አልጋ ጠርዝ ተቀምጠው ትራሱን ያስተካክላሉ። በበሩ ክፍተት የተወሰደ፣ ትንሽ የጨለመ ምስል ነው። እኔ ብሆን ቆርጬ የምጥለው።

በማግስቱ ለልጃቸው ሊልኩላት እናትየው ራሳቸው መጡ። ሳልወስድ ልየው ብለው ከጎኔ፣ በእሷ ወንበር ላይ ተቀመጡ። እዚያች ቦታ ሲደርሱ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ካለቀ በኋላ ወደ እኔ ዞሩ።

"እንዴት አየኸኝ ልጄ?" አሉኝ። "እኔ እኮ ማንም ያላየኝ መስሎኝ ነበር።"

ሁለቱን እጆቼን ሰብስበው ያዙና ሳሟቸው። "እነዚህ እጆችህ ይባረኩ" አሉኝ።

"አሜን" አልኩ።