በጋፋት ጭጋግ ውስጥ የጠጣሁት ውሃ

ይህ የደረሰብኝ በደርግ ጊዜ፣ የብሔራዊ ውትድርና ምልመላ የደብረ ታቦርን ጎረምሳ ሁሉ እንቅልፍ በነሳበት ክረምት ነው። ዛሬ ፀጉሬ ሸብቷል፣ ብዙ ነገርም ረስቻለሁ። ይህን ግን እንኳን ልረሳው፣ አሁንም ሳወራው ሰውነቴን ውርር ያደርገኛል።

እኔና ጓደኛዬ ምስጋናው ክብደት አንሺዎች ነበርን። እሱ የጉና ገበሬ ልጅ ነው፤ ለትምህርት ከተማ ገብቶ እኛ ግቢ ቤት ተከራይቶ ይኖር ነበር። ለክፍለ ሀገሩ ቡድን የተመረጠ ከውትድርና ይተርፋል ተብሎ ይወራ ስለነበር፣ ብረቱን የምናነሳው ነፍሳችንን ለማትረፍ ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

አሰልጣኛችን ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ የስፖርት መምህር ነበር። ምን እንደምንበላና ምን ያህል እንደምንጠጣ የሚወስነው እሱ ነው። ጠዋት በሶ በማር፣ ቀን ድንችና እንቁላል፣ ማታ ወተት፤ ውሃው ደግሞ በጣሳ እየተለካ። በዕድሜዬ እንደዚያ በልቼ አላውቅም። እናቴ ጎረቤት እንዳይሰማት ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "መንግሥት ሊያርድህ ነው እንዴ እንዲህ የሚያደልብህ?" እያለች ትስቅብኝ ነበር።

ጣጣው የመጣው መመረጫው ውድድር ሲቃረብ ነው። እህል በሚመዘንበት ሚዛን ላይ ስንወጣ ሁለታችንም ከየክብደት ምድባችን አልፈን ተገኘን። መምህሩ መጀመሪያ ጨው አስቀረ፣ ቀጥሎ ምግቡን ቀነሰ። በዋዜማው ደግሞ "እስክትመዘኑ ድረስ ጠብታ ውሃ በአፋችሁ እንዳይዞር!" ብሎ፣ ላባችን እንዲወጣ ካፖርት ደራርበን ከከተማው ውጭ ወዳለው ጋፋት እንድንሮጥ አዘዘን።

ከሰዓት በኋላ ነበር። ጭጋጉ ከመክበዱ የተነሳ ከፊቴ የሚሮጠው ምስጋናው ኮቴው ይሰማኛል እንጂ አይታየኝም። ምላሴ ከላንቃዬ ተጣብቋል። ላቤም መውጣቱን ካቆመ ቆይቷል። መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩ።

"ወልደ ዮሐንስ!" የሚል ድምፅ ሰማሁ።

ይህ የክርስትና ስሜ ነው። ከእናቴና ከንስሐ አባቴ በቀር የሚያውቀው ሰው የለም፤ ምስጋናው እንኳ አያውቀውም። በዚያ ጥም ግን መጠርጠር ከየት ይምጣ? "አቤት!" አልኩ።

"እንካ ልጄ፣ ጠጣ።"

የአሮጊት ድምፅ ነው። ከጭጋጉ ውስጥ ቅል የያዘ እጅ ተዘረጋልኝ። ከእጁ ወዲያ ነጭ ነገር ይታየኛል፤ ፊቷን አላየሁም። ውሃው ጥርስ ይቆረጥማል፣ የወይራ ጭስ ይሸታል። እስኪበቃኝ ጠጣሁና "እግዜር ይስጥልኝ፣ እናቴ" ብዬ ቀና ስል ማንም የለም። ቅሉን መቼ እንደተቀበለችኝም አላውቅም። እንደዚያን ቀን ፈርቼ አላውቅም፤ ድካሜን ረስቼ ሮጥኩ።

ምስጋናው ትንሽ ራቅ ብሎ ቆሞ ነበር። "ምነው ቀረህ?" አለኝ። አንዲት ሴት ውሃ እንደሰጠችኝ ብቻ ነገርኩት። ውሃ የፈሰሰበትን ደረቴን አየና ፊቱ ተለዋወጠ። ከዚያ ዞሮ ወደ ከተማ መሮጡን ቀጠለ።

በማግስቱ ስንመዘን እኔ ከምድቤ አልፌ ከውድድሩ ወጣሁ። መምህሩ "ጠጥተሃል!" ብሎ በሰው ፊት ደነፋብኝ። ምስጋናው ግን ልክ መጣ። የመጀመሪያውን ብረት ሲያነሳ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ሁለተኛውን ከደረቱ ሳያሳልፍ ለቀቀውና በጀርባው ወደቀ።

ሆስፒታል ወሰድነውና ግሉኮስ ተሰቀለለት። ኩላሊቱ ሥራ አቁሟል አሉን። አልጋው አጠገብ ተቀምጬ ሳለ ነቃና እጄን ያዘኝ።

"እኔንም ጠርታኝ ነበርኮ" አለኝ። "በክርስትና ስሜ።"

"ታዲያ ምነው አቤት አላልክ?"

"እኛ ዘንድ፣ የማታየው ሰው ሦስት ጊዜ ሳይጠራህ አቤት አይባልም። ሰው ያልሆነ ነገር ሦስት ጊዜ አይጠራም ትላለች እናቴ። ሁለቴ ጠራችኝ። ሦስተኛውን ቆሜ ብጠብቅ ዝም አለች።" ትንፋሹን ሰበሰበና ቀጠለ። "ከዚያ 'ወልደ ዮሐንስ' ስትል ሰማኋት። ማን ነው ወልደ ዮሐንስ?"

ስሙን አልነገርኩትም ነበር። እኔ መሆኔን ስነግረው ዓይኑን ጨፈነ። ሳምንት ሳይሞላው አረፈ፤ ዘመዶቹ በቃሬዛ ተሸክመው ወደ ጉና ወሰዱት።

እኔ የፈራሁት ውትድርና አልቀረልኝም። ሄጄ ግን በሕይወት ተመለስኩ። እንደተመለስኩ ጋፋት ወርጄ ቤት ለቤት ጠየቅሁ። በዚያ ጭጋግ ቅል ይዛ የወጣች ሴት የሚያውቅ አላገኘሁም።

ዛሬ እኔም ወጣት ክብደት አንሺዎችን አሠለጥናለሁ። ምግባቸውን የምወስነው፣ የሚጠጡትንም የምለካው እኔ ነኝ። ለሚዛን ብዬ ማንንም በጥም ቀጥቼ አላውቅም፤ ከምድቡ የሚያልፍ ይለፍ።

ያቺን ሴት፣ ማንም ትሁን ምን፣ በጸሎቴ አመሰግናታለሁ። ቂም ግን አለኝ። ሁለቴ ጠርታው ነበር፤ አንድ ጊዜ ብትጨምርለት ምን ነበረበት?