የእትዬ ስንቅነሽ በረንዳ

ማለዳ፣ ከነታንያ ከተማ፣ እስራኤል

ገና ጎህ ሲቀድ ወጣሁ። በመንገዱ ላይ የነቃነው ዳቦ ጋጋሪዎችና እኔ ብቻ ነን። ሥራዬ ማስተርጎም ነው። ቤቶችን መብራት ሳይፈጁ በበጋ እንዲቀዘቅዙ፣ በክረምት እንዲሞቁ አድርጎ የማደስ ሥራ ወደ ሰሜኑ የባሕር ዳርቻ ከተሞች ሊስፋፋ ነው። የመሐንዲሱን ቃል ከኢትዮጵያ ለመጡት ለእኛ ሰዎች፣ የእኛን ሰዎች ቃል ለመሐንዲሱ አደርሳለሁ። አንዳንዴ ሁለቱም ይቆጡኛል፤ ለምጄዋለሁ።

ባቡሩ ውስጥ ወታደሮች ጠመንጃቸውን አቅፈው ተኝተዋል። በመስኮቱ የብርቱካን እርሻ፣ አሸዋ፣ ከዚያ የሐደራ ኃይል ማመንጫ ረጃጅም ጭስ መውጫዎች ይታያሉ። የምንለኩሰው ማሞቂያ፣ የምንከፍተው ማቀዝቀዣ ሁሉ ጉልበቱን ከዚያ ያገኛል። «ቆይ ብቻ፣ ሥራህን እናቀልልሃለን» አልኩት በልቤ። ሐደራ ምዕራብ ጣቢያ ወረድኩ።

ረፋድ፣ ኢንዱስትሪ ዞን

መሐንዲሱ ዮሲ ከነፒካፑ ጠበቀኝ። ፀሐይ ያቀላው አንገት አለው፤ አፉ ከሱፍ ፍሬ አያርፍም። ከአንድ መጋዘን ግድግዳ የሚለብሳቸውን፣ ሙቀትና ብርድ የማያሳልፉ ነጫጭ ሰሌዳዎች ጫንን። ሲያዩዋቸው ከባድ ይመስላሉ፤ ሲያነሷቸው እንደ ጥጥ ይቀላሉ።

«አንድ ቤት እንኳ እምቢ ካለ ሠራተኞቹን ወደ ሌላ ከተማ እወስዳለሁ፤ ግማሽ ሕንፃ አላለብስም» አለ እየነዳ።

«እምቢ ያለ አለ?»

«አንዲት ሴት። ምክንያቱን አትነግረኝም።»

ቀትር፣ ጊቫት ኦልጋ ሰፈር

ባሕሩ ቅርብ ነው፤ ሕንፃው ግን ከነፋሱ ምንም አልተጠቀመም። ግድግዳው ስስ፣ ጥጋጥጉ በሻጋታ የጠቆረ ነው። እምቢ ያለችው እትዬ ስንቅነሽ ከወገራ የመጣች የአራት ልጆች እናት ናት። ሻይ ከነዳቦው አቀረበችልን። ዮሲ ንድፉን ዘረጋ፦ የሳሎኑንና የበረንዳውን ግድግዳ አፍርሶ የባሕሩን ነፋስ ቤት ውስጥ ሊያሳልፍ ነው። እኔም ሐሳቡን ወድጄዋለሁ።

«ውጭውን አልብሱት፣ ጣሪያውን ነጭ ቀቡት። ሚርፔሴቱን ግን አትንኩብኝ» አለች በረንዳውን እያሳየች።

«ነፋሱ ከገባ እኮ ማቀዝቀዣ አትፈልጊም ይላል» አልኳት።

«ሎ በይው፤ አይሆንም። ሎ።»

ከዚያ ወደ ወጥ ቤት ጠራችኝና ድምጿን ዝቅ አደረገች። «አንቺ የኛው ልጅ ነሽ፣ ምን እደብቅሻለሁ። አገር ቤት በወር አበባችን ጊዜ ከቤተሰብ ተለይተን የምንቀመጥበት ጎጆ ነበረን። እዚህ ጎጆ ከየት ይምጣ? ሚርፔሴቱ ነው ጎጆዬ። ያን ሰሞን ሳሎን አልገባም፤ ልጆቼ ምግቤን ከደጁ ያኖሩልኛል። ግድግዳው ከፈረሰ የት ልግባ?»

«በክረምትስ?»

«በክረምትማ ዝናቡ በመስኮቱ ይገባል። ብርድ ልብስ ደራርቤ እጥፍጥፍ እላለሁ። አምና ደረቴን አሞኝ ሰነበትኩ።»

እኔ ይህን ሥርዓት ከተውኩት ቆይቷል። እሷ ግን ይዛዋለች፤ ቤቱም የሷ ነው።

«ለዮሲ ልንገረው?»

«ወየው፣ ለወንድ?»

ወደ ሳሎን ተመለስኩ። «በዚያ በረንዳ ሰው ያድራል» አልኩት በዕብራይስጥ።

«ማን?»

«ሰው። ግድግዳው ይቆይ፤ በረንዳውን እንደ አንድ ክፍል ቁጠረው።»

ዮሲ ማኘኩን አቆመ። እርሳሱን አውጥቶ በበረንዳው ዙሪያ የሰሌዳውን መስመር አሰመረ፤ ፀሐይ በሚገባበት በኩል ድርብ መስታወት ጨመረ። ለነፋሱም በሌላኛው የሳሎን ግድግዳ ላይ መስኮት አወጣ። «የክረምት ፀሐይ ይሞላዋል፤ ያለ ማሞቂያ ይሞቃል» አለ፤ በንድፉ ደስ ብሎት።

ተረጎምኩላት። ተነሥታ በረንዳው ላይ ቆመች።

«ብርድ አይገባም?»

«አይገባም።»

«ዝናብም?»

«ዝናብም።»

«እንግዲያ እሺ በይው።»

ማምሻ፣ መልስ

ደረጃውን ስንወርድ ወሬው ቀድሞን ወርዷል። ቀደም ሲል ያለ አንድ ቃል እሺ ያሉ የሌሎቹ ቤቶች ሴቶች በየደጃቸው ቆመዋል። አንዷ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ለኛም እንደ ስንቅነሽ ይሁንልን» አለችኝ። ሌላዋም እንዲሁ።

«በረንዳዎቹን ሁሉ» አልኩት ዮሲን።

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም። በሚቀጥሉት ከተሞችም ግድግዳ ከማፍረስህ በፊት ሴቶቹን ልጠይቅ።»

በእሺታ ራሱን ነቀነቀ፤ ንድፉን ጠቅልሎ ሰሌዳዎቹን ሊያወርድ ሄደ።

እትዬ ስንቅነሽ ነጠላዋን ደርባ እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ሸኘችኝ። ሙቀቱ ገና አልበረደም፤ ሁለታችንም ላብ በላብ ሆነናል። አውቶቡሱ ብቅ ሲል ጉንጬን ሳመችኝ።

«ዘንድሮስ» አለች፣ «ክረምቱ ቶሎ በመጣልኝ።»