እናቴ ዛሬ ባቡር ነዳች

ዛሬ ከሰዓት ቆቦ ባለው ቤታችን ውስጥ እናቴ ባቡር ነዳች።

ባቡሯ ክንድ አታክልም። የአክስቴ ልጅ ከዱባይ ለአባቴ ያመጣችለት ሞዴል ናት። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ድሬዳዋ ባቡር ሲነዳ ኖሮ ጡረታ ሲወጣ ነው አገሩ የገባው።

ችግሩ የባቡሯ መቆጣጠሪያ ሐዲዷ ከተዘረጋበት ጠረጴዛ ጋር በሽቦ የተያያዘ መሆኑ ነበር። አባቴ ጉልበቱን ታሞ ከወንበር መነሳት ሲያቅተው ባቡሯም ቆመች። በስልክ መተግበሪያ እንዲነዳት ሞከርን፤ ስክሪኑ የደነደነ ጣቱን አልሰማ አለ። ገመድ አልባ መቆጣጠሪያ ልግዛ ብል ዋጋው የሚቀመስ አልሆነም።

እኔ ስልክ ጠጋኝ ነኝ። በርካሽ የዋይፋይ ቺፕ፣ በአሮጌ ስልክ ባትሪና ከተበላሸ ሬዲዮ በነቀልኩት የድምፅ ማዞሪያ አንድ የእጅ መቆጣጠሪያ ሠራሁለት። (ቀፎው የሳሙና ማስቀመጫ ነው፤ አሁንም ሳሙና ሳሙና ይሸታል።)

ዛሬ ስሰጠው ማዞሪያውን ደባብሶ ለእናቴ አቀበላት።

"እንኪ፣ አንቺ ንጂ።"

"እኔ? ወላሂ ተሳፍሬበት እንኳ አላውቅ!"

እውነቷን ነው። እሱ ድሬ ሲሠራ እሷ እዚህ እኛን ታሳድግ ነበር። በየዓመቱ "በሚቀጥለው ክረምት እወስድሻለሁ" ይላት ነበር፤ ክረምቱ አልመጣም።

"ቢስሚላህ" ብላ አዞረችው። ባቡሯ ተንቀሳቀሰች።

"ቀስ! ኩርባ ነው!" አለ አባቴ ከወንበሩ እየተንጠራራ።

ባቡሯ ዞራ እሱ ፊት ስትደርስ እናቴ አቆመቻት።

"ወዴት ነሽ?" አላት እየሳቀ።

"ድሬ ነኛ። ዛሬ እኔ ልውሰድህ።"

አባቴ ሳቁን አቆመ። እኔም ሥራ እንዳለበት ሰው ሽቦ መሰብሰብ ጀመርኩ።

እናንተስ፣ ለአንድ ሰው ብላችሁ የሠራችሁት ነገር ለሌላ ሰው ሆኖ ያገኛችሁበት ቀን አለ? እስቲ አጫውቱኝ።